የአያ ቢያዝን ሻይ

አያ ቢያዝን ዕድሜያቸውን የጨረሱት ጎንደር አውቶቡስ ተራ ውስጥ፣ በጉሮሯቸው ነው። ተራ አስከባሪ ነበሩ። ሌላው በፉጨትና በዱላ የሚሠራውን እሳቸው በድምፅ ብቻ ይሠሩት ነበር። «አይከል! አይከል! ሁለት ሰው የቀረው!» ሲሉ ፒያሳ ካፌ የተቀመጠ መንገደኛ ሻንጣውን አንስቶ ይሮጣል እየተባለ ይቀለድባቸዋል። ሁለት ሰው ቀረው የሚሉት መኪና መቼም ሁለት ሰው ቀርቶት አያውቅም፣ ግማሹ ባዶ ነው። ይህ ግን የሙያው ቋንቋ ስለሆነ ማንም ውሸት ብሎት አያውቅም።

ጉሮሯቸውን አስቀድሜ ያነሳሁት ያለ ነገር አይደለም። ያን ሁሉ ዘመን የጮኸ ሰው አንዲት ሦስት ፊደል ያላት ቃል ከአፉ ማውጣት አቅቶት ጎረቤቱን ሜዳ ላይ ጣላት። እኔ እዚያው ተቀምጬ አይቻለሁ። እስካሁን ሳስበው ፊቱ የሚቀላው የእኔ ነው።

እኔ እንግዳው እባላለሁ፣ ልብስ ሰፊ ነኝ። የስፌት መኪናዬ የቆመችው ከአውቶቡስ ተራ ጀርባ፣ ከትርንጎ አረቄ ቤት ደጃፍ አጠገብ ነው። ጠጪም ነኝ፣ አልክድም። ማን ገባ ማን ወጣ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር መልስ አላጣም።

ትርንጎ የትክል ድንጋይ ልጅ ናት። አረቄ አወጣጥ የተማረችው እዚያው፣ ከአያ ቢያዝን እናት ከእማማ ዝናሽ ነው። ለማያውቅ ሰው ልንገረው፤ ድፍድፉ በእሳት ላይ ተጥዶ መጀመሪያ የሚወጣው ተራ አረቄ ይባላል። ያንኑ መልሰው ሲያወጡት ዳግም ይሆናል። ተራው ጉሮሮ ይፍቃል፣ ዳግሙ ግን ለስላሳ መስሎ ገብቶ ቆይቶ ነው ማንነቱን የሚናገረው። እማማ ዝናሽ በዳግማቸው እስከ ጎንደር ድረስ ስም ነበራቸው። ትርንጎም ደጃፏ ላይ «ዳግም አለ» የሚል ሰሌዳ ሰቅላ ኖረች። በኋላ ልጇ ሄለን በጠርሙስ እያሸገች፣ «የትርንጎ ዳግም» የሚል ወረቀት እየለጠፈች ለፒያሳ ሆቴሎች ማስረከብ ጀመረች። ቤቱ ከዚያ ወዲህ ነው ቀና ያለው።

አያ ቢያዝን ግን በእናታቸው ሙያ አንድ ቀን ኮርተው አያውቁም። ትርንጎ እንደነገረችኝ፣ ትምህርት ቤት ልጆቹ «የዳግም ልጅ! የዳግም ልጅ!» እያሉ ያበሽቋቸው ነበር። ልብሳቸው ድፍድፍ ይሸታል። አንድ ቀን አስተማሪው ሳይቀር አፍንጫውን ይዞ ወደ ኋላ ሂድና ተቀመጥ አላቸው። ያቺ ነገር ሆዳቸው ውስጥ ቀረች። ጎንደር ገብተው ሰው ከሆኑ በኋላ ስለ እናታቸው ሲጠየቁ «ነጋዴ ናት» ብለው ያልፋሉ። ምን እንደምትነግድ የጠየቀ መልስ አያገኝም።

አረቄውን ግን ከእናታቸው ጋር አልካዱትም፣ ሸጋ አድርገው ይጠጡ ነበር። መጠጡ ጉድ ያፈላባቸው በአንድ ለቅሶ ላይ ነው። የአናጢው የመዝሙር አባት ያረፉ ዕለት አያ ቢያዝን ብርዱን ሰበብ አድርገው ጠዋት ደህና አድርገው ቀምሰው ነበር። አስከሬኑ ከቤት ሊወጣ ሲል ቃሬዛውን የሚይዝ ሰው ጎደለ። አያ ቢያዝን እጃቸውን አፋቸው ላይ ሰብስበው በዚያ ድምፃቸው «ሁለት ሰው የቀረው! ሁለት ሰው የቀረው!» ብለው ለቀቁት። አልቃሹ ሁሉ ባለበት ደረቀ። ግማሹ ሳቁን በነጠላው አፈነ። መዝሙር ግን አልሳቀም፣ አባቱን ለመንገደኛ የሸጡበት ያህል ነበር ያያቸው።

ከዚያ ቀን በኋላ አያ ቢያዝን ከቤት መውጣት ተዉ። ሲወጡም ግድግዳ ግድግዳውን ታከው ነው። በመጨረሻ የነፍስ አባታቸው ቄስ ኪዳነወልድ ዘንድ ሄደው «አረቄ ዳግመኛ በአፌ አይዞርም» ብለው ቃል ገቡ፣ መስቀል ሳሙ። ሠፈሩ ይቅር አላቸው። እንዲያውም ሰው ለመለወጡ ምሳሌ ሆኑ። የጎረመሰ ልጅ ያስቸገራት እናት «አያ ቢያዝንን አታይም?» ትላለች። የእድሩ ሊቀመንበር አደረግናቸው፣ ከደብሩ ሰበካ ጉባኤም ገቡ። ሽምግልና ያለ እሳቸው አይቀመጥም ሆነ።

ቃላቸውን አንድ ክረምት ያህል ጠበቁ። ከዚያ አንድ ዝናባማ ቀን በትርንጎ የጓሮ በር ገቡና «በረደኝ፣ ትኩስ ነገር አለሽ?» አሏት።

«ሻይ ልቅዳልዎ?» አለች።

«ሻይ» አሉ፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ እንደተከሉ።

ትርንጎ የሰው ችግር ቶሎ ይገባታል። ከሰማያዊው በራድ ውስጥ፣ ውስጡ በማይታይ የብረት ኩባያ ዳግም ቀዳችላቸው። ማንኪያም ጨመረችበት። ከዚያ ወዲያ አያ ቢያዝን የሚጠጡት «ሻይ» ነው። ማዕዘኗ ላይ ተቀምጠው ያማስላሉ፣ ከዚያ ኩባያውን ወደ አፋቸው አስጠግተው እፍ፣ እፍ ይሉበታል። ቀዝቃዛ አረቄ እፍ የሚል ሰው ከእሳቸው በቀር አላየሁም። ቤቱ ሁሉ ያውቃል። ይሉኝታ ይዞን ማንም ትንፍሽ አላለም። እሳቸው ግን፣ ምስኪን፣ እኛ ስላልሳቅን ያላወቅን መሰላቸው።

ነገሩ እንዲህ ሆኖ ሲኖር ከከተማው ዳር አንድ አዲስ የአረቄ ፋብሪካ ተከፈተ። ብዙም ሳይቆይ ጠበቃው ጠርሙስ በእጁ ይዞ ትርንጎ ቤት መጣ። ጠርሙሱ ላይ ግንብ ተስሎበታል፣ ከሥሩ በወርቅ ቀለም «ዳግም» ተብሏል።

«ይህ የድርጅታችን የንግድ ምልክት ነው» አላት። «የእርስዎ ወረቀትና ሰሌዳ ገዢውን ያደናግርብናል። ያንሱልን።»

«ኧረ ጌታዬ፣ ይህ እኮ ስም አይደለም» አለች ትርንጎ። «የመጠጡ ዓይነት ነው። ሁለቴ ስለወጣ ነው እንዲህ የሚባል።»

«እንግዲያው ሁለቴ የወጣ ብለው ይጻፉበታ።»

እኔ ከመኪናዬ ላይ ሆኜ አላስቻለኝም። «ነገ ደግሞ ጠላ የእኔ ነው፣ ጠጅ የእኔ ነው የሚል ሲመጣ ምን ብለን ልንጠጣ ነው?» አልኩት። ጠበቃው ሳቀ። ክፉ ልጅ አልነበረም። የተመዘገበው ከነሥዕሉ መሆኑን፣ ቃሉ ለብቻው ቢያከራክር ቀጠሮው ዓመት እንደሚፈጅ ራሱ ነገረን። «ፍርድ ቤት ከመመላለስ በሽምግልና እንጨርሰው» አለ። «የዚህ ቤት ደንበኛ ያልሆነ፣ በአካባቢው የታመነ ሰው ይቅረብና ቃሉ ከጥንት የሁሉም እንደሆነ ይመስክር። ከመሰከረ ቃሉን እንተወዋለን፣ ሥዕላችን ይበቃናል። ካልመሰከረ ግን እርስዎ ይተዋሉ።»

ደንበኛ ያልሆነ! እኛ ሁላችን ባንድ ጊዜ ወደቅን። የዳግምን ነገር አሳምሮ የሚያውቅ፣ ጠጪ ያልሆነና የታመነ ሰው ጎንደር ውስጥ ከየት ይመጣል?

«አያ ቢያዝን አሉ አይደል» አለች ትርንጎ።

ቤታቸው ድረስ ሄደን ነገርናቸው። ፊታቸው ጠቆረ። «ምነው እኔን? ሰው ጠፍቶ ነው?» አሉ።

«የሚጠጡትን የሚጠይቅዎ የለም፣ አያ ቢያዝን» አለቻቸው። «እኔን ይህን ሙያ ያስተማሩኝ እናትዎ ናቸው። ቃሏን ከእርስዎ የበለጠ ማን ያውቃታል? ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማት ያደግኋት የአገር ቃል ናት ማለት ብቻ ነው። ሆቴሎቹ ወረቀቱን አይተው ነው የሚቀበሉኝ፤ እሷ ከተነሳች ሄለንም እኔም እንዳልነበርን ነን።»

ከዘራቸውን አሻሹ። ከዚያ «ሸጋ፣ እመጣለሁ» አሉ። ትርንጎ ወጥታ መንገድ ላይ እልል ልትል ምንም አልቀራትም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በእድሩ አዳራሽ ተቀመጥን። ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ። መሐል ላይ የተቀመጡት ቄስ ኪዳነወልድ ናቸው። ይህን አስቀድመን አላወቅንም፤ አያ ቢያዝንም አላወቁም ኖሯል፣ ገብተው ሲያዩአቸው እግራቸው ደጃፉ ላይ ትንሽ ቆመ። የሠፈሩ ሰው አዳራሹን ሞልቶታል። መዝሙርም ከኋላ አለ።

ጠበቃው ተነሥቶ በአክብሮት ጠየቃቸው። «አባቴ፣ ወይዘሮ ትርንጎ ቤት ገብተው ያውቃሉ?»

«እገባለሁ።»

«ምን ሊያደርጉ?»

«ሻይ እጠጣለሁ» አሉ።

ከወደ ኋላ አንድ ሰው ሳል አስመስሎ ሳቀ። ያቺ ሳል ናት ያጠፋቻቸው። ጆሯቸው ሲቀላ ከተቀመጥኩበት ታየኝ። ቄስ ኪዳነወልድ ዓይናቸውን ከእሳቸው ላይ አልነቀሉም።

«ትክል ድንጋይ ነው ያደጉት ተብያለሁ። እናትዎ ምን ነበር ሥራቸው?»

«አባቴ አራሽ ነበር» አሉ አያ ቢያዝን።

በቅሎ አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች የሚባለው ለእንዲህ ያለው ቀን ነው። ትርንጎ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች። ጠበቃው እንኳ ግራ ገብቶት ጥያቄውን አቀለለላቸው።

«እሺ፣ ዳግም የሚባል መጠጥ ሲባል ሰምተው ያውቃሉ?»

ያ ድምፅ፣ ፒያሳ ድረስ ይሰማ የነበረው ድምፅ፣ እንደ ትንኝ ቀጠነ። «ዳግም…» አሉ። «ዳግም ምጽአትን አውቃለሁ። ዳግማ ትንሣኤን አውቃለሁ። መጠጥ ሲባል ግን… ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።»

ልብ በሉ፣ ይህ የመጨረሻው ነገር እውነት ነው። ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። ሁልጊዜ «ሻይ» ነዋ የሚሉት! መጠበባቸው ሁሉ ይህን ቀዳዳ አግኝተው በዚያች ሾልከው ለማምለጥ ነበር። ያልዋሹ መስሏቸው ነው መሰል ሲቀመጡ ትንፋሻቸውን ለቀቁ።

እኔ ብድግ አልኩ። የኩባያውን፣ የማንኪያውን፣ የእፍ እፍታውን ጉድ ልዘረግፈው አፌን ከፍቼ ነበር። ትርንጎ ኮቴን ይዛ ጎተተችኝ።

«ተው እንግዳው፣ ተቀመጥ» አለችኝ።

ተቀመጥኩ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ፤ ምስክሩ አላውቅም ካለ ምን ይበሉ? ትርንጎ እዚያው ቃሉን ላትጠቀምበት ፈረመች። ስትፈርም አያ ቢያዝን የጫማቸውን ክር እያሰሩ ነበር። ጫማቸው ክር የለውም።

ስንመለስ መንገድ ላይ ጮኽኩባት። «ምነው ዝም አልሽ? አንዲት ቃል ብትናገሪ አልቆላቸው ነበር!»

«እሱን እኮ ነው የምልህ፣ ያልቅላቸው ነበር» አለች። «እኔ በእጄ ከድኜ የቀዳሁትን በአፌ ልግለጠው? እማማ ዝናሽ ያስተማሩኝ ይህን አይደለም።»

እኔ ግን እንደ እሷ አይደለሁም። በዚያ ሰሞን ላገኘሁት ሰው ሁሉ «ተራ ሲያስከብሩ ኖረው ዳግምን አዋረዱ» እያልኩ አስቄባቸዋለሁ። ይገባቸው ነበር፣ አሁንም አልጸጸትም።

ሆቴሎቹ ስም የሌለው ጠርሙስ አንቀበልም አሉ። ሰሌዳዋ ወረደች። ሄለን ለተወሰኑ ቀናት ተኮሳትራ ሰነበተችና አንድ ጠዋት ቀለም ገዝታ መጣች። እናቷ ለገበያ ወጥታ ሳለ ያችኑ ሰሌዳ ቀብታ መልሳ ሰቀለቻት። አሁን የሚነበበው «ሻይ አለ» ነው።

ትርንጎ ተመልሳ ስታየው ተቆጣች። «አውርጃት! ሰው ማዋረድ ነው ይሄ!»

«ምነው እማዬ፣ ሻይ የእኔ ናት ብሎ የሚመጣ ጠበቃ የለ» አለች ሄለን።

በሳምንቱ ሰው ሁሉ ለመደው። ሲገባ «ሻይ!» ይላል፣ በመለኪያ ዳግም ይቀዳለታል። አንዱ «ሻዩን ደገም» ይላል፣ ሌላው እፍ እያለ ያስቃል። ከአይከል የመጣ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር እውነት ሻይ መስሎት ባንድ ትንፋሽ ሲገለብጠው ዓይኑ እንባ አቀረረ። ተሳስቀን ልንሞት ነበር። አያ ቢያዝን ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱም ሲመለሱም የሚያልፉት በዚህ ደጃፍ ነው። ሰሌዳዋን ላለማየት ባሻገር ባለው ቦይ ጠርዝ መሄድ ጀመሩ። አንዴ ወጣቶች ከውስጥ «ሻይ! ሻይ!» ሲሉ ሰምተው ቆሙ። ማንም እሳቸውን ማለቱ አልነበረም፣ እነሱ እንዲያውም የቃሏን መነሻ አያውቁም። አያ ቢያዝን ግን በስማቸው የተጠሩ ያህል አንገታቸውን ደፉ። ያን ቀን፣ እውነቱን ልናገር፣ ክሬን ከእጄ ጥዬ ዓይኔን መለስኩ። ሳቄ አልመጣ አለኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው። አንድ ቀን የሚጠበብ እጀ ጠባብ ይዘው መጡና፣ ሥራዬን ሳልጨርስ በርጩማ ስበው ከአጠገቤ ተቀመጡ።

«ጠበቃው ዘንድ ሄጄ ነበር» አሉኝ ሳልጠይቃቸው። «ቃሏን አውቃታለሁ፣ ዋሽቻለሁ አልኩት። አክብሮ አስቀመጠኝና ‹አባቴ፣ ነገሩ ተፈርሞ አልቋል። ያኔ አላውቅም አሉ፣ ዛሬ አውቃለሁ አሉ፤ የትኛውን ቃልዎን ልያዝ?› አለኝ። ምን እለዋለሁ?»

«ቄስ ኪዳነወልድስ?» አልኳቸው።

ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። «እሳቸውም ዘንድ ሄጃለሁ። ጠጥቻለሁ ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። መጠጣትህን ድሮም አውቅ ነበር፣ ራስህ እስክትነግረኝ ነበር የምጠብቀው አሉኝ። ‹ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ዓይን ዓይንህን ያየሁህ እኮ፣ ልጄ፣ በርታ፣ ተናገር ልልህ ነበር› አሉኝ። እኔ ደግሞ ሊገዝቱኝ መስሎኝ…» ብለው አቋረጡ። እንባቸው ጉንጫቸው ላይ ወረደ። ሽማግሌ ሲያለቅስ ማየት ደስ አይልም፣ የስፌት መኪናዬን መምታት ቀጠልኩ።

«እናቴን እኮ ነው የካድኳት፣ እንግዳው» አሉ ወደ መሬት እያዩ። «ከትርንጎ በፊት እሷን ነው።»

በማግሥቱ ቅዳሜ ነበር። የገበያ ቀን ስለሆነ የትርንጎ ቤት ጢም ብሏል፤ ከትክል ድንጋይ የመጡ ነጋዴዎች፣ ሾፌሮች፣ እኔ፣ በማዕዘኑ ደግሞ መዝሙር። በዋናው በር አያ ቢያዝን ገቡ። ቃል ከገቡ ወዲህ በዋናው በር ሲገቡ ያ የመጀመሪያቸው ነው። የእድሩን ስብሰባ የሚመሩበትን ነጭ ጋቢ ለብሰዋል። መሐል ቤቱ ላይ ቆሙና፣ አውቶቡስ ተራ በነበሩበት ዘመን ድምፅ፣ ብርጭቆው ሁሉ እስኪንቀጠቀጥ፦

«ትርንጎ! ዳግም ቅጅልኝ!» አሉ።

የትክል ድንጋይ ሰዎች አንገታቸውን አቀኑ። ቃሉን በዚያ ቤት ማንም ከጮኸው ቆይቷል። እኔ ልቤ ደስ አለው፣ ወጣላቸው፣ ተገላገሉ አልኩ። ትርንጎም ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር።

ትርንጎ ባንኮኒው ጀርባ ቆማ አየቻቸው። አልተቆጣችም። ሰማያዊውን በራድ ከእሳት ላይ አነሳች። ያንኑ የብረት ኩባያ አጥባ ሞላችው፣ ስኳር ጨመረችበት፣ ማንኪያውን አኖረች። ይዛላቸው መጥታ በሁለት እጇ አቀረበችላቸው።

ጎንበስ ብለው ሲያዩት ጠይም ነው። እንፋሎቱ ፊታቸውን መታው።

«ዳግም እዚህ ቤት የለም፣ አያ ቢያዝን» አለቻቸው ቀስ ብላ። «ላልጠራት ፈርሜያለሁ፣ እርስዎም ባሉበት። ያለው ሻይ ነው።»

ኩባያውን ተቀበሉ። ማስቀመጥም መመለስም አልቻሉም፤ ሁላችንም እያየናቸው ወደ አፋቸው አስጠጉት።

«እፍ ይበሉበት» አለች ትርንጎ፣ «ያቃጥላል።»

እፍ አሉበት።